የእርጅና ተቀናሽ

መጋቢት ነው፣ አክረን፤ በረዶው ቆሽሿል፤
ከልብስ ማጠቢያው ጎን ቢሮዬ ይሞቃል።
ማሽኑ ሲሽከረከር ግድግዳው ያጉረመርማል፤
ደረሰኙን በፌስታል ሰው ይዞ ይመጣል።

ሚስተር ራንዳል ግን በፌስታል አይመጣም፤
አሥራ አንድ ቤት አለው፣ አንዱንም አይረሳም።
ቁልፎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፋል፤
ገና ኮቱን ሳያወልቅ ስብከቱን ይጀምራል።

«ግብር ማለት ስርቆት ነው! ሳልፈርም፣ ሳልፈቅድ፣
ካላቤ ላይ ቆርሶ መንግሥት ሲወስድ።
በመሣሪያ ይሁን በደብዳቤ ይሁን፣
ሰው ኪስ የገባ እጅ ልዩነቱ ምንድን ነው? ንገረኝ እስቲ አሁን!»

እኔ አልመልስም፤ እርሳሴን እቀርጻለሁ።
ከፋይ ደንበኛ ነው፤ ኪራይም አለብኝ፤ እሰማዋለሁ።

የዘንድሮዋን አወጣ፣ አሥራ አንደኛዋን ቤት፣
ኬንሞር ሰፈር ያለች፣ ቢጫ፣ በረንዳዋ ያዘመመባት።
የኤርሊን ነበረች። ባሏ የጎማ ፋብሪካ ሠራተኛ፣
ከጥቁሩ አቧራ ጋር ሠላሳ ዓመት የተኛ።
ባለቤቷ ሲሞት፣ ባለቤትነቷንም ሳል ጀመረው፤
የሦስት ዓመት የቤት ግብር ተጠራቅሞ ቀበረው።
ካውንቲው ወረቀት ለጠፈ፣ ሸሪፉ በሩን መታ፤
ሰባት ሺህ ዶላር ዕዳ፤ ቤቷ ለጨረታ።
ራንዳል እጁን አነሣ። ሌላ እጅ አልተነሣም።
በአራት ደቂቃ አለቀ፤ የያዘው ሻይ አልበረደም።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ያ «ሌባ» ያለው ግብር
ባይኖር ኖሮ፣ ቤቷ እጁ ባልገባ ነበር።
ሰነዱ ላይ ያረፈው ማኅተም የማን ነው?
ሴትዮዋን ከነሻንጣዋ አስፋልት ላይ ያወጣው
ሸሪፍ፣ ደመወዙን ከየት ነው የሚያገኘው?

እኔ ግን ለመንግሥትም ጠበቃ አልቆምም፤
የባልቴት ደጃፍ ያሸገን እጅ፣ ንጹሕ ነው አልልም።
አርባ ዓመት ከፍላለች፤ ያ አምፖል፣ ያ ቧንቧ፣
ያ የልጆች አውቶቡስ፣ ውስጡ አለ ገንዘቧ።
ሦስት ዓመት ቢያቅታት፣
አርባው ተረሳባት።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ቤት የሚያከራይ ሰው
የቤቱን እርጅና ከገቢው ይቀንሰው።
ጣራው ስላፈሰሰ፣ ቀለሙ ስለተላጠ፣
በየዓመቱ ምሕረት በወረቀት ተሰጠ።
ጻፍኩለት። ለሃያ ሰባት ዓመት ተኩል ተካፍሎ
የቢጫዋ ቤት መድከም ጥቅም ሆነ፣ ተጠቅልሎ።
ለኤርሊን ጉልበት ግን፣ ለዓይኗ ሞራ ግርዶሽ፣
ፈለግሁ፤ የት አለ የሰው እርጅና ተቀናሽ?
አለ፤ ለአረጋዊ ጥቂት ቅናሽማ አለ፤
ከምን ይቀነሳል ታዲያ፣ ገቢ ከሌለ?

በእኛ ቃል ግብር ብዙ ነው፤ ለጌታ የሚገባ፣
ደግሞም ጌታው ደግሶ ሕዝብ አዳራሽ ሲያስገባ።
ያው ቃል ሥራ ማለት ነው፤ ግብረ ገብም ከዚያው፤
ካውንቲው መሰብሰቡን ያውቃል፤ ማብላቱን ነው የረሳው።
ራንዳልም አዳራሹን በልቶ፣ በሩ ላይ ነው የሚቆጣው።

ፈረመ። ቼክ ጻፈ። «ጎበዝ ነህ አንተ» አለኝ።
ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር፤ የቢጫዋ ቤት ድርሻ ለእኔም ደረሰኝ።
ሲወጣ የበረዶ ጠራጊው መኪና መንገዱን ከፈተለት፤
አላየውም፤ መንገድን ማን ያያል፣ ካልተዘጋበት?

ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ያጉረመርማል።
ኤርሊን እዚያ አለች፤ የምታጥበው የላትም፤ ግን ይሞቃል።
ሳንቲም እየከተተች ባዶውን ታሽከረክረዋለች፤
ደንበኛን አያስወጡም፤ ደንበኛ ትባላለች፤
ለአንድ ሰዓት ወንበር ሦስት ዶላር ትገብራለች።

እኔም ከወዲህ ሆኜ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼው
በእሷ ሳንቲም እሞቃለሁ፤
ይህን ገቢ የትኛው መስመር ላይ ልጻፈው?